ማፍላት መርዝን አያጠፋም



ጎንደር የመጠጥ ውሃ ከምታገኝባቸው ምንጮች ብዙ ዘመን የቆየው የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል መቸገሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ አፈሩን ጠርጎ የሚያወርደው ጎርፍ ግን ማዳበሪያውንና ማሳ ላይ የተረጨውን መድኃኒትም አብሮ ያወርዳል።

«አፍልተን እንጠጣለን፤ ክሎሪን ያለበትን ውሃ አጋር እንጨምርበታለን» የምትሉ አላችሁ። ለጀርም ደግ አደረጋችሁ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም ግን በእሳትም በክሎሪንም አይወጣም። ስለዚህ መድኃኒቱን መያዝ ያለብን ውሃው ውስጥ ሳይገባ ነው።

የሚገባበትን መንገድ እናውቀዋለን። ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ሲረጭ የዋለ ሰው መርጫውን ወንዝ ወርዶ ያጥባል። ባዶው ጠርሙስ ደግሞ ይታጠብና ዘይት ወይም ጋዝ ይያዝበታል። ይህ ይቅር። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምራችሁ እዚያው ማሳው ላይ ርጩት። ከዚያ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ጠርሙሱን ብሱት።

ጥፋቱ የገበሬ ብቻ አይደለም። እኛ ከተሜዎች ቀሃና ሽንታ ላይ የምንደፋው የሳሙና እጣቢ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚፋፋው በማዳበሪያና በፎስፌት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፌት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ገድቧል። እኛም ቢያንስ እጣቢውን ከወንዙ አርቀን እንድፋ።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በገበያ ቀን እየተከፋፈለ በፌስታል የሚቸረቸር፣ ስሙና አጠቃቀሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት ስታዩ አትግዙ፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ራሱ ባይጎዳም እንኳ፣ በካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል መብት ይሰጠዋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን መብት ብዙዎቻችን ስለማናውቀው አንጠቀምበትም።

አሁን ባዶ ጠርሙስ የሚሰበሰብበትን ቦታና ኃላፊውን እንምረጥ። ከዚያ በፊት ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።