ምድጃችንን በአኒሜሽን ስለማሳየት
(ለአባላትና ለደጋፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱ በጽሑፍ ታድሏችኋል። እኛ ልናነሳ የፈለግነው የአኒሜሽኑን ጉዳይ ነው፤ አንድ ትልቅ ትዕዛዝ በእሱ ሰበብ እስካሁን ሳይፈረም ቆሟልና።

የምናመርተው ምርጥ ምድጃ በሞልድ የሚወጡ ስድስት የሲሚንቶና የፑሚስ ቁራጮች አሉት። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ናቸው። ምድጃው በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተሠራ ነው፤ በኋላም የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አምራቾችን እያሠለጠነ አስፋፍቶታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ይህን ለገዢ በቃል ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ቁራጮቹን መሬት ላይ ተዘርግተው ሲያያቸው የፈረሰ ግንብ ይመስሉታል። ናሙና ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የተሸከማችሁት ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ድራፍቲንግ የተማረችው አባላችን እያንዳንዱን ቁራጭ ለክታ በፍሪካድ በሚሊሜትር ሣለችው። ከዚያ ወደ ብሌንደር አስገብታ ቁራጮቹ መጀመሪያ ተበታትነው እንዲታዩ፣ ቀጥሎም አንድ በአንድ እንዲገጣጠሙ አደረገች። ሁለቱም ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። የብሌንደር ታሪክ ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ሰዎች ደስ የሚል ነው፤ ይዞት የነበረው ኩባንያ ሲዘጋ ፈጣሪው ቶን ሮሰንዳል እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎችን መዋጮ ጠየቀ፣ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ ተዋጣ፣ ፕሮግራሙም የሁሉም ሆነ።

ፕሮግራሙ ነጻ ቢሆንም ሥራው ነጻ አይደለም። ፊልማችን 30 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን 720 ምስል ይሆናል። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅበት 1,440 ደቂቃ፣ ማለትም ድፍን አንድ ቀንና ሌሊት ነው። መብራት በመሃል ይጠፋል። ለዚህ ነው ልጃችን በቀጥታ ቪዲዮ አድርጋ የማታወጣው፤ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ይቀመጣል። በ300ኛው ላይ መብራት ቢሄድ ከ301ኛው ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይሰፋል። የእሷን ሰዓት በአንድ ደንበኛ ሒሳብ ላይ አልጫንነውም። ፊልሙን ብዙ ገዢ ስለሚያየው በማስታወቂያ ወጪ ነው የመዘገብነው።

እንዲያምር ምን ተደረገ? ብዙ አይደለም። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይመጣል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቁራጮቹም እኛ ግቢ ውስጥ በምንገጥምበት ቅደም ተከተል ይገባሉ። ምጣዱ ይቀመጣል፣ አክንባሎው በመጨረሻ ይደፋል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሰጠን መልክ እንደ እብነ በረድ የሚያብረቀርቅ ነበር። እሱን ትተን የራሳችንን ምድጃ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተን አለበስነው። ሸካራና ግራጫ ነው፤ ግን የእኛ ነው።

አሁን ወደ ትዕዛዙ። ገዢው ፊልሙን ወደደው፤ ከወደደው በኋላ ግን ሦስት ማስተካከያ ጠየቀ። በቁራጮቹ መካከል ያለው ክፍተት እንዳይታይ፣ አንዲት ሴት ቁራጩን በአንድ እጇ ስታነሳ እንድትታይ፣ ጭሱም ጨርሶ እንዲጠፋ። አይፈረድበትም። እኛ ያለንበት ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሲሆን ጀምሮ አያትና ሰሚት አካባቢ ገና መሠረቱ ያልወጣ ሕንፃ ከነዛፉ በስክሪን ሲታይ እያየን ነው። የሁላችንም ዓይን ያንን ለምዷል።

የኛ መልስ አይሆንም ነበር፤ ምክንያቱም ሒሳቡን አይተነዋል። ቀሪው ክፍያ የሚለቀቀው ዕቃው ደርሶ ተቀባይዋ ከፈረመች በኋላ ነው። ክፍተቱን በጭቃ እንደምትመርገው ፊልሙ ካላሳያት፣ ምድጃው ሲደርሳት ተሰብሯል ትላለች፣ አትፈርምም። ቁራጩም በአንድ እጅ እንደ ዋዛ የሚነሳ አይደለም። ጭሱን በተመለከተ ደግሞ፣ በፊልሙ ላይ የሚወጣው ጭስ የተሣለ እንጂ የተለካ አይደለም። ምድጃው ጭስ ይቀንሳል፤ አያጠፋም። ይህን ደጋፊዎቻችንም እንዲያውቁልን እንፈልጋለን፤ ለሪፖርታችሁ ፊልሙን ስትወስዱ የጭሱን ምስል እንደ ማስረጃ አትጥቀሱት።

ለገዢው ያቀረብነው አማራጭ ይህ ነው፤ ፊልሙ ላይ የመመረጊያው ጭቃ የሚታይበት አራት ሰከንድ ይጨመራል፣ ከፕሮፎርማው ጋር ልኬቱ በሚሊሜትር የተጻፈበት ሥዕል ይያያዛል፣ ርክክቡም በሥዕሉ መሠረት ይሆናል። መልሱን እየጠበቅን ነው። ትዕዛዙ ሊቀርብን እንደሚችል እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ጉዳዩን በእናንተ ፊት ያቀረብነው። በእኛ ሐሳብ የማትስማሙ ካላችሁ ዛሬ ተናገሩ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ፊልሙን በቴሌግራም የምትልኩ አባላት፣ እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ጥራቱ ስለሚወርድ እባካችሁ እንደ ፋይል ላኩት። አሁን መብራት እያለ እንክፈተውና እንየው።