ለቆየ መኪና ዲፈረንሻል ዘይት መምረጥ፦ ከቁጥሩ በፊት ብረቱን መጠየቅ

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ሙሉ ቃል)



ለዛሬ የመረጥሁት ርዕስ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። የመረጥሁት ግን በዚህ ጉዳይ ራሴ ስለ ተሳሳትሁ ነው። ስለዚህ በስሕተቴ ልጀምር።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤቴ በክብር የያዟት ፔጆ 404 ነበረቻቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ አንተ የተማርኸው ነህ፤ ለዲፈረንሻሏ የትኛውን ዘይት ልግዛላት?» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ በገበያ ካለው ሁሉ ከፍተኛ ደረጃ ያለውን፣ ጂኤል 5 የተባለውን እንዲገዙ ነገርኋቸው። ከወራት በኋላ ከኋላ የማላዘን ድምፅ መጣ። ዘይቱ ሲቀዳ እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ነገር ይዞ ወረደ። መካኒኩ ጥቂቱን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገና «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የጉሎ ዘይት ነበር የምትጠጣው» አላቸው። ጥርሱ ቀድሞም ያረጀ ስለ ነበር ጥፋቱን ሁሉ በዘይቱ ላይ አላላክክም። ነገር ግን እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ መካኒኩ ያውቀው ነበር፤ ይኸውም በዚያ ሣጥን ውስጥ የትኛው ብረት ከየትኛው ብረት ጋር፣ እንዴት ባለ አኳኋን ይነካካል የሚለው ነው።

ፔጆ 404 ከ1960 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የተሠራችና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈች ጠንካራ መኪና ናት። ዲፈረንሻሏ ግን ከብዙዎቹ ይለያል። እንደ ብሎን ጠምዛዛ ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያለውን መንኮራኩር ይነዳል። በዚህ አሠራር ጥርስ በጥርስ ላይ እምብዛም አይንከባለልም፤ በአብዛኛው ይንሸራተታል። ብረትና ነሐስ የተጣመሩትም ለዚሁ ነው፤ ሁለቱ ሲፋተጉ ብረት በብረት ላይ እንደሚያደርገው በቀላሉ አይናከሱም።

የጉሎ ዘይት ለዚህ ተስማሚ የሆነው በምክንያት ነው። ሞለኪውሉ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሽርተታው ሲበረታም ስስ ሽፋኑ ቶሎ አይጠረግም። እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት የጉሎ ፍሬ ምሥጢርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ድክመትም አለው፤ ሲቆይ ይሙጫል፣ ከማዕድን ዘይትም ጋር በደንብ አይዋሐድም። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ሣጥኑን በሚገባ ማጠብ አለበት።

አሁን ወደ ጂኤል 5 እንምጣ። ይህ ዘይት የተበጀው ሃይፖይድ ለሚባለው የጥርስ ዓይነት ነው። ፓካርድ በ1926 ለመኪና ባዋለው በዚህ አሠራር ትንሹ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ መሐል ዝቅ ብሎ ይገባል። የካርዳኑ ዘንግ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለልም ዝቅ ይላል። ዋጋው ግን በከባድ ጫና ሥር የሚሆን ሽርተታ ነው፤ ሁለቱም ጥርሶች ደግሞ ብረት ናቸው። የዘይቱ ሽፋን በጫናው ሲበጠስ፣ በውስጡ ያሉት የድኝና የፎስፈረስ ውሕዶች በሙቀቱ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕደው ስስ መከላከያ ይሠራሉ። ያ ሽፋን ራሱ እየተፋቀ ጥርሱን ያድናል።

ብረትን የሚያድነው ይኸው ድኝ ነሐስንና ናስን ይጎዳል። በውስጣቸው ካለው መዳብ ጋር ይዋሐዳል፣ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረው ንብርም በእያንዳንዱ ፍትጊያ ይላጣል። እንግዲህ ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የአንድ መሰላል ሁለት ደረጃዎች አይደሉም። ለተለያየ ሥራ የተበጁ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ባለው የቆየ ላንድክሩዘር ውስጥ ለስለስ ያለ ዘይት የጨመረ ሰው ጥርሱን ያስበላል። በቮልስዋገን ቢትል ደግሞ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ዘይት ይታጠባሉ። የካምቢዮው የናስ ቀለበቶች ስላሉም ዘይቱ ለሁለቱም የሚመች መሆን አለበት፤ ለዚህ ጂኤል 4 ይመረጣል።

ስለ ውፍረት ጥቂት ልበል። በዕቃው ላይ የተጻፈው 90 ከሞተር ዘይት 40 በእጥፍ የሚወፍር የሚመስላቸው አሉ። መለኪያዎቹ የተለያዩ ናቸው። የዛሬው ኤስኤኢ 90 በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ነው፤ ይህም ከሞተር ዘይት 40 እና 50 ጋር የሚቀራረብ ነው። ደግሞም እስከ 2005 ድረስ የ90 ወሰን እስከ 24 ይደርስ ነበር። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ 90 ሲል የዛሬውን 110 ጭምር ማለቱ ሊሆን ይችላል። በ80ደብሊው-90 ላይ ያለው የደብሊው ቁጥር የብርድ ጠባይን የሚያሳይ በመሆኑ በአዲስ አበባ አየር ብዙም አያስጨንቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንይ። ሁለተኛ፣ የጥርሱን ዓይነትና ነሐስ ወይም ናስ መኖሩን እናረጋግጥ። ሦስተኛ፣ ከዕቃው ፊት ይልቅ የአምራቹን የመረጃ ወረቀት እንጠይቅ፤ የመዳብ ዝገት ፈተና ውጤት በዚያ ይገኛል። የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ ቀለሙ ይታያል። 1 ማለት እምብዛም አልተለወጠም፣ 4 ማለት ተበልቷል ማለት ነው። ሁለት ዘይቶች አንድ ዓይነት የጂኤል ቁጥር ይዘው በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። በመጨረሻም አሮጌውን ዘይት ሞቅ እንዳለ ቅዱና በነጭ ጨርቅ ላይ ተመልከቱት። ቢጫ ብናኝ ካያችሁ አዲሱን ከመጨመራችሁ በፊት መንሥኤውን ፈልጉ።

የጎረቤቴ መኪና ሌላ የነሐስ መንኮራኩር እስኪገኝላት ረጅም ጊዜ ቆማ ነበር፤ እርሳቸውም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ «ከጂኤል 4 እና ከጂኤል 5 የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አቀርባለሁ። ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው «ለየትኛው ጥርስ?» ብሎ የሚጀምር መልስ ነው።