ማለስለሻው ፍሎራይድን አይነካም

ሰላማዊት፦ ዳዊት፣ ዝዋይ አካባቢ ቤት ሠርቶ የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ለመላው ቤቱ የውሃ ማለስለሻ ቢያስገጥም፣ እፎይ ማለት ይችላል?

ዳዊት፦ አይችልም። የማለስለሻው ሥራ አንድ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያሉት የሬዚን ፍሬዎች ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይይዙና በምትካቸው ሶዲየም ይለቃሉ፤ ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ቦይለሩ ነጭ ቅርፊት አይጋግርም፣ ሳሙናውም አረፋ ያወጣል። ፍሎራይዱ ግን እንዳለ ያልፋል።

ሰላማዊት፦ እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትም ይጎዳል። ውሃውን ማፍላትስ?

ዳዊት፦ ያብሰዋል እንጂ! ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት የዚያ አካባቢ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ታዲያ ማለስለሻው ምኑን ሊያለሰልስ?

ሰላማዊት፦ የደለልና የከሰል ማጣሪያስ?

ዳዊት፦ ለሻወርና ለልብስ ማጠቢያ ጥሩ ናቸው። ለመጠጥና ለወጥ ግን ኩሽና ውስጥ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ካልሆነም ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የአጥንት ከሰሉ ሲደክም ጣዕሙ አያስታውቅም፤ ውሃው በየጊዜው መመርመር አለበት።

ሰላማዊት፦ እንግዲያው አድማጮቻችን፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የጉድጓዱን ውሃ ናሙና ላብራቶሪ አስመርምሩ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ እባካችሁ አታዘግዩት።