ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው ሲሚንቶ

(በማኅበራችን የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ትልቅ ግድብ ወይም ስለ ረጅም ድልድይ አይደለም፤ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳና በሴራሚኩ መካከል ስላለው፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጠው ማጣበቂያ ነው። ነገሩን አሳንሶ የሚስቅ ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን በየከተማው የሚሠራውን ፎቅ ሁሉ እያየ፣ የየቤቱን ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ይቍጠርልን።

አስቀድመን ስለ ሲሚንቶው እንናገር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ የሰየመውን ፈጠራ ካስመዘገበ ወዲህ ዘዴው እጅግ ቢሻሻልም፣ መሠረቱ ያው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ማቃጠል ነው። ዛሬ በምድጃው ውስጥ ሙቀቱ 1450 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ተቃጥሎ የሚወጣውም ጠጠር ክሊንከር ይባላል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በእጃችን የሚቀረው 56 ኪሎ ነው። ይህም የማገዶው ጭስ ሳይቈጠር ነው። እንግዲህ ምድጃው በኤሌክትሪክ ቢነድ እንኳ ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣው አይቀርም። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 ከመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ታዲያ የማጣበቂያውን ካርቦን ለመቀነስ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው በችኰላ «ሲሚንቶውን ቀንሱ» ይላል። እኛ ግን መጀመሪያ ውፍረቱ ይለካ እንላለን። በቀድሞው ልማድ ሴራሚክ የሚለጠፈው 2 ሳንቲ ሜትር በሚያህል የአሸዋና የሲሚንቶ ሞርታር ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ሞርታር 350 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል ብንል፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 7 ኪሎ ይደርሰዋል። ጥርስ ባለው ማለስለሻ በስሱ የሚዘረጋው ማጣበቂያ ግን ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ዱቄት ይበቃዋል፤ የሲሚንቶው ድርሻ 35 ከመቶ ቢሆን 1 ኪሎ ከ750 ግራም ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው ተረፈ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ የኬሚስቶች ክርክር ሁሉ በቀረችው ከሁለት ኪሎ ባነሰች ሲሚንቶ ላይ ነው።

ነገር ግን ስሱ ማጣበቂያ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። ለሳኙ ያጣመመውን ሴራሚክ ለጣፊው በማጣበቂያ ሊያቀናው የሞከረ እንደሆነ ቍጠባው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ውኃ ልክና ቱንቢ የያዘውን ለሳኝ በዚህ ጉዳይ ከመሐንዲሱ እኩል እንቈጥረዋለን።

የክሊንከሩን ድርሻ በሌላ ነገር መተካትም ይቻላል። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ፒ.ፒ.ሲ. እየተባለ የሚሸጠው ሲሚንቶ ፓሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨበት ነው። በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ከተማ ባለው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ካረን ስክሪቭነር ከኩባና ከህንድ ሊቃውንት ጋር ሆነው ያዳበሩት ሲሚንቶ ደግሞ ክሊንከሩ 50 ከመቶ ብቻ ነው፤ 30 ከመቶው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ 15 ከመቶው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ 5 ከመቶው ጂፕሰም ነው። ካርቦኑም እስከ 40 ከመቶ ይቀንሳል።

ይህ ለኮንክሪት መልካም ነው። ማጣበቂያው ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ለብዙ ቀን ውኃ ይጠጣል። ከሴራሚክ ጀርባ ውኃ የሚያጠጣ ማን ነው? ደረቁ ልስን የማጣበቂያውን ውኃ ይመጠዋል፤ ፓሚሱና የተቃጠለው ሸክላ ደግሞ ክሊንከሩ ኖራ እስኪለቅላቸው ድረስ ስለሚጠብቁ ለረጅም ጊዜ እርጥበት ይፈልጋሉ። ውኃውን ለመያዝ ሴሉሎስ ኢተር የሚባል ዱቄት ይጨመራል፤ ይኸውም ከ100 ኪሎ ውስጥ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እሱ ራሱ ግን የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገያል! ዘገምተኛ ሲሚንቶ ከሚያዘገይ ዱቄት ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ለጣፊው በማግሥቱ መጋጠሚያውን ሊሞላ ሲመጣ ሴራሚኩ በጣቱ የሚንሸራተት ከሆነ የእኛን ሒሳብ አያነብም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ንጹሕ ሲሚንቶ ይደባልቅበታል። አንፈርድበትም።

አዝጋሚነቱን ይበልጥ አልሞ በመፍጨትና እንደ ካልሲየም ፎርሜት ያለ አፋጣኝ በመጨመር ማቃለል ይቻላል። ያም ሆኖ ለማጣበቂያ ከግማሽ መጀመር አይገባም፤ የክሊንከሩን ሩብ ተክቶ፣ ፈትኖ፣ ከዚያ መቀጠል ይሻላል እንላለን።

ከሁሉ የምንጠላው ግን ሲሚንቶውን ቀንሶ ጥንካሬውን በፖሊመር ዱቄት መግዛትን ነው። ፖሊመሩ ከነዳጅ ዘይት ውጤት የሚሠራና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ሲመዘንም ካርቦኑ ከሲሚንቶው ይበልጣል። በጥቂቱ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የሚዳኘን ፈተናው ነው። ኢ.ኤን. 12004 የሚባለው የአውሮፓ መመዘኛ፣ ተራው ማጣበቂያ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 0.5 ኒውተን እንዲችል ያዛል፤ የተሻለው ደረጃ ሁለት እጥፍ ይጠየቃል። ጐንና ጐኗ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነች የመፈተኛ ሴራሚክ 127 ኪሎ የሚያህል ጭነት ቢስባት አትነቀልም ማለት ነው። ይህንንም በደረቁ ብቻ ሳይሆን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ውኃ ውስጥ ከቈየ በኋላ፣ ሁለት ሳምንትም በ70 ዲግሪ ሙቀት ከተቀመጠ በኋላ ማሳየት አለበት። በከረጢት ላይ ቅጠል ሥሎ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ እነዚህን ቍጥሮች ከጐኑ ያትምልን። ሴራሚክ ራሱ ከ1000 ዲግሪ በላይ ተቃጥሎ የመጣ ነውና፣ ወድቆ በተሰበረ ቍጥር ከማጣበቂያው የቈጠብነው ካርቦን ከነትርፉ ይሄዳል። ከፎቅ የውጭ ግድግዳ ላይ የወደቀ እንደሆነማ ከታች የሚያልፈውን ሰው አይመርጥም።

ስለዚህ የኬሚስትሪና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በአንድነት እንዲሠሩበት እንጠይቃለን። አንዱ የሚያቃጥልበት፣ ሌላው የሚጐትትበት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ ቍልፍ አይበዳደሩም። አፈሩን በሚመለከት፣ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ካኦሊን የሚባለው ሸክላ 40 ከመቶና ከዚያ በላይ ያለበት ነው፤ ቀይም ቢሆን ግድ የለም። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ሸክላ ሠሪዎች ከሚቈፍሩበት ቦታ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሣርና ሥር የሌለበት አንድ ኪሎ አፈር አድርቃችሁ አምጡልን። የተቈፈረበትን ወረዳና ጥልቀቱን በወረቀት ጽፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ እሰሩት፤ ውስጥ የገባ ወረቀት በእርጥበት አይነበብም።