ቢስክሌትና የማታ ትምህርት



ቀን በመሥሪያ ቤት ውለው፥ ማታ ለሁለተኛ ዲግሪ ተምረው፥ እሑድ ማለዳ ደግሞ ከነፋስ ስልክ ወደ ቃሊቲ ቢስክሌት የሚጋልቡ ወጣቶች አሉ። ወዳጅ ዘመድ «ከሁለቱ አንዱን ተዉ» ይላቸዋል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ቢስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው ለሚልም፥ አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትካፈል እነ ገረመው ደንቦባ በቢስክሌት መወዳደራቸውን ላስታውሰው እወዳለሁ።

አና ኪዘንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት በባርሴሎና በሒሳብ ለዶክቶርነት ስትማር ሳለ ወደ ቢስክሌት እሽቅድምድም ገባች። ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ፥ በባለሙያ ቡድን ሳትቀጠር፥ የልምምዷን ዕቅድ ራሷ እያወጣች፥ 137 ኪሎ ሜትሩን ቀድማ ጨርሳ ወርቅ ተሸለመች። ሁለተኛ የወጣችው ሆላንዳዊት ከፊቷ ሰው መኖሩን ስላላወቀች፥ ያሸነፈች መስሏት እጇን አንሥታ ነበር።

ነገሩ ያለው ከዕቅዱ ላይ ነው። ሰውነት በግልቢያ ሰዓት ይደክማል እንጂ አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው በኋላ፥ በዕረፍት ነው። ያነበቡትም ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ አንግቶ ጎሕ ሲቀድ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም ያከስራል።

ፈተና ሲቃረብ ልምምዱን አሳጥሩ፤ ፍጥነቱን ግን አትቀንሱ፤ ጉልበታችሁ ለጥቂት ሳምንት አይከዳችሁም። (ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ የሚመልሰው ዳገት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።) የመመረቂያው ጽሑፍ ማስረከቢያና ውድድሩ በአንድ ሳምንት ከዋሉ ግን ውድድሩ ይቅር፤ ለሚመጣው ትደርሳላችሁ።