የጤፍ ዋጋና የተማሪ ደብተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



እዚህ መሳለሚያ፣ እህል በረንዳ ጤፍ በተወደደ ጊዜ የማሳደጊያ ልጆችም ይጎዳሉ። አሳዳጊያቸው ምግባቸውን መቀነስ ስለማይሆንለት፣ አስቀድሞ የሚቀነሰው ደብተር፣ መጽሐፍና አስጠኚ ነው። ልጁ በልቶ ያድራል፤ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ግን ያጣል። አድጎ ከማሳደጊያው በሚወጣበት ቀን ደግሞ የሚደገፈው በትምህርቱ ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ አበበች ጎበና፣ በ1972 ዓ.ም. ግድም በወሎ ረሃብ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ማሳደግ ሲጀምሩ ባለጸጋ አልነበሩም። ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ አሳደጓቸው።

እኛ ተማሪዎች ማሳደጊያ ማቆም አንችልም። ነገር ግን የጨረስነውን መጽሐፍ ማውረስ፣ ከማሳደጊያ የመጣውንም ጓደኛችንን «አባትህ ማን ነው?» ብለን ሳናሳፍረው አብረነው ማጥናት እንችላለን።