በጦርነት ጊዜ ስለ አንድነትና ስለ ፍትሕ
(በኢዮቤልዩው በዓል የተነገረ ቃል)



ሐዋርያው ጳውሎስ ምእመናንን በአንድ አካል ብልቶች መስሎ ማስተማሩን ታውቃላችሁ። አገርም በጦርነት ጊዜ እንዲሁ ትፈተናለች፤ ከብልቶቿ አንዱን ብትንቅ መቆም ይሳናታል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎች ገንዘብ አዋጥተውልናል፤ አብራሪው ጆን ሮቢንሰንም ከቺካጎ መጥቶ አገልግሎናል።

በ1941 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለጦር መሣሪያ ሥራ ሠራተኛ ሲሹ ጥቁሩን ስለ መልኩ ይመልሱት ነበር። በባቡር መኝታ ክፍል የሚያገለግሉት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍም ሕዝቡን ወደ ዋሽንግተን ሊያሰልፍ ቀን ቈረጠ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀኑ ሳይደርስ፣ ጁን 25፣ በእነዚያ ፋብሪካዎች በዘር መለየትን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ሰልፉም ቀረ።

ነገር ግን ትእዛዝ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። በ1943 በዲትሮይት በተነሣው ሁከት 34 ሰዎች ሞቱ፤ 25ቱ ጥቁሮች ነበሩ። በሠራዊቱም ውስጥ መለየት እንዲቀር የታዘዘው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1948 ነው። ስለ ነጻነት ሊዋጋ የተጠራው ወታደር ደሙን ለሁሉ ሲያፈስ፣ እንጀራውን ግን በተለየ ማዕድ ይበላ ነበር።

ወገኖቼ ሆይ፤ በሌላው አገር ብቻ አንፍረድ። በእኛም ዘንድ ማረሻውን የሚሠራለትን ባለ እጅ በዘሩ የሚንቅ አይጠፋም። በመከራ ቀን ትከሻውን የምንሻውን ሰው በደስታ ቀን ከማዕዳችን አናርቀው። እግዚአብሔር አንድ ልብ ይስጠን፤ አሜን።